ሆደ ሰፊ

ዘጠና አራት ከስድስት።
ትናንትም እሱ ነበር፣ ከትናንት ወዲያም ያው፤
ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድ ቁጥር ነው ሚዛኔ የሚያሳየው።
ሰዓቴን ፈታሁ፣ ቀለበቴን አወለቅሁ፣
መነጽሬንም ጥዬ ቁጥሩ ቢጠፋብኝ መልሼ አጠለቅሁ።
ከመታጠቢያ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በር፣
«ወለሉ አዘንብሎ ይሆናል» እያልኩ ሚዛን ሳዞር፣
ባለፈው እሁድ ደግሞ ሪዜን ተላጨሁት።
«ለመሆኑ» አለች የሺእመቤት፣
ሳቋን በፎጣ ይዛ፣ «ስንት ኪሎ ነበር ሪዙን የገመትክለት?»
መልስ አልሰጠኋትም። ወጣሁበት።
ዘጠና አራት ከስድስት።

መጀመሪያማ ጉድ ነበር!
ከመቶ ሰባት ተነስቼ ቁልቁል ስንደረደር፣
ቀበቶዬን በሚስማር ስበሳ፣ ደግሜ ስበሳ፣
ግሌን ከጎረቤት አውቶቡስ አንገቱን አውጥቶ
«ጆ! ግማሽህ የት ተረሳ?»
ኪሎው እንደ ሚያዝያ በረዶ ከጣሪያዬ ሲንጠባጠብ
«ይቆማል» ብሎ ማን ያስብ።

ከዚያ ሜዳ።
ሬጃይናን ያየ ያውቃል፤
ዳገት የላት፣ ቁልቁለት የላት፣ ሰማይዋ መሬት ላይ ይወድቃል፤
ውሻህ ቢኮበልል ሦስት ቀን ሙሉ ሲሄድ ይታይሃል ይባላል።
የኔም ገላ ያገሩን መልክ ያዘ፤
ብሄድ፣ ብሄድ፣ ያው የእህል ጎተራ ካድማሱ ጫፍ የፈዘዘ፣
አይቀርብ፣ አይርቅ።

ምን ያላደረግሁት አለ?
ዳቦ ተውኩ። ለስላሳ ተውኩ። የጠዋት ዶናቴን ተውኩ።
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ሲሆን
ከጡረተኞች ጋር የገበያ አዳራሹን ዞርኩ፤
ጫማ ቤቱን አሥራ አራት ጊዜ፣ መነጽር ቤቱን አሥራ አራት ጊዜ፣
ሻጮቹ መጀመሪያ ሌባ መሰልኳቸው፣ ኋላ ሰላምታ ጀመሩ።
ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ክሎዊ
በልደቷ ቀን ኬክ ሰጠችኝ፣ ሰማያዊ ክሬም ያለው፤
አመስግኜ ከመሪው ፊት አስቀመጥኩት፣
እስከ ማታ ድንጋይ ሆኖ ቆየኝ።
ነካሁት። አልበላሁትም።
ጾም ነው እንዳልል ፋሲካ የለውም፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውል ደውሎ የሚፈታኝ የለም።

ማሪቤል፣ የክሊኒኩ የምግብ አማካሪ፣ ወረቀቴን አይታ
«ሰውነትህ ክፉ ቀን የመጣ መስሎት ነው» አለች፤
«ያለውን ጨብጦ አልለቅም ይላል።»
ተሳሳተ ብላ አዘነችለት።
እኔ ግን ልጆቹን ስጠብቅ፣ መሪው ላይ ተደግፌ፣
ሆዴ መቼ ተሳስቶ ያውቃል? አልኩ።
የሰጠሁትን ነው የያዘ።
ስሜ ወልደሰንበት ነው፤ «ይረዝማል» ብለው በመጀመሪያው ቀን ጆ አሉኝ፤
ሆድ ይፍጀው አልኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት።
ልጄ ትምህርቱን ጥሎ ቫንኩቨር ሲሄድ በር ላይ ቆሜ
«ጓንትህን አትርሳ» ብቻ ነው ያልኩት፤
የቀረውን፣ ሆድ ይፍጀው።
ያበደርኩት ሰው አይቶኝ መንገድ ሲሻገር፣ ሆድ ይፍጀው።
በየስብሰባው «ወልዴ እኮ ሆደ ሰፊ ነው!» ይሉኛል፤
ሙገሳ ነው ብዬ ቆየሁ፤
ለካስ ልኬን ወስደውልኝ ነበር።
ያ ሁሉ ይፍጀው ተብሎ የተሰጠው ሆድ
አንዱንም አልፈጀ፤
አጣጥፎ አስቀምጦታል። ለክፉ ቀን።

ዛሬ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሚዛን ላይ አልወጣሁም።
ወጣሁ እንጂ፣ ምን እዋሻለሁ።
ዘጠና አራት ከስድስት።
ወረድኩ። ካልሲዬን አጠለቅሁ።
ግቢው ውስጥ የአውቶቡሱን ሞተር የሚያሞቀውን ገመድ ነቀልኩ፤
ሌሊቱን ሁሉ ተሰክቶ ያደረ ብረት፣ ያም ሆኖ
ቁልፉን ሳዞር አጉረመረመ፣ ተወ፣ አጉረመረመ።
አልሰደብኩትም።
«እንደምን አደርክ፣ ጆ!» ግሌን ነው፣ ቡናውን ይዞ።
«ወልደሰንበት» አልኩት።
«ምን?»
«ስሜ።»
ቡናውን በረዶው ላይ አስቀመጠ። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል።
«ወል… ዳ…»
ከብዶታል፤ በሁለት እጁ የሚያነሳው ይመስል ትከሻው ከፍ አለ፤
«ሰን… በት?»
ሞተሩ ያኔ ተነሳ፣
ወይ እኔ ያኔ ሰማሁት።